ከሲሪያል ካርቶን የተሠራ የዒድ ኮከብ



በቅርቡ ከተራዊሕ በኋላ ከእናንተ አንዱ ጎትቶ አስቁሞኝ፣ «ጋሼ፣ ቤት ማስጌጥ የነሱ ነገር አይደለም እንዴ?» አለኝ። ጥያቄው አላስገረመኝም። በሱ ዕድሜ እኔም እንደዚያ ነበር የምለው፤ እንዲያውም ከማለት አልፌ አንድ የማልረሳው ጥፋት ሠርቻለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2007 ዒድ አል-አድሓ ከፈረንጆቹ ገና ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ዋለ። ጄን ኤንድ ፊንች፣ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። እናቴ ከሌሊት ፈረቃ ገና አልገባችም። የ7 ዓመቷ እህቴ ትምህርት ቤት የተማረችውን ባለ ስድስት ጫፍ የበረዶ ቅርጽ ከወረቀት ቆርጣ የሳሎኑን መስኮት ሞልታዋለች። «ለዒድ ነው» አለችኝ። እኔ ግን «ይሄ የክርስቲያን ነው!» ብዬ አንድ በአንድ ቀደድኩት። እናቴ ስትገባ እህቴ እያለቀሰች ነበር። ኮቷን ሳታወልቅ ቁርጥራጩን ከወለል እየለቀመች፣ «ምን አጠፋች? ያጠፈችው ወረቀት ነው» አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም።

ፈትዋ መስጠት የኔ ድርሻ አይደለም፤ ለዚያ ኢማማችሁ አሉ። ግን ሁላችንም የሰማነው ነገር አለ። በዒድ ቀን ሐበሾች መስጂድ ውስጥ በጋሻና በጦር ሲጫወቱ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እናታችን ዓኢሻን (ረ.ዐ) እስኪበቃት ድረስ እንድታይ እንዳደረጉ በቡኻሪ ተዘግቧል። ዒድ እንዲታይና እንዲሰማ የተፈቀደ ደስታ ነው። ሥዕል ያለበት መጋረጃ በተነሳ ጊዜ ደግሞ ዓኢሻ ጨርቁን አልጣለችውም፤ ቆርጣ ትራስ አደረገችው። ከዚህ ሁለት ነገር ይዣለሁ፦ የሰውና የእንስሳ ምስል ትቼ በቅርጽ እሠራለሁ፤ ደግሞም ያለኝን ነገር እንጂ አዲስ አልገዛም። ለአንድ ቀን 100 ዶላር የፕላስቲክ ጌጥ ገዝቶ መጣል ግን ኢስራፍ ነው ባይ ነኝ።

የሐረርን ቤት ያየ ሰው ይህን ይረዳል። እዚያ ግድግዳው የሚያጌጠው ሴቶቹ በእጃቸው በሰፉት በቀለማት ያበደ ስፌት ነው፤ ጌጡ በሌላ ጊዜ ዕቃ ነው፣ ይወርዳል፣ ይሠራበታል፣ ተመልሶ ይሰቀላል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። በሚቀጥለው ዓመት ከእህቴ ጋር ስድስቱን ጫፍ ስምንት አደረግነው። በሙስሐፍ ገጽ ላይ የሒዝቡን ሩብ የምታመለክተውን ኮከብ ታውቋታላችሁ፤ እሷን ነው። ፖስታ ሳጥን ውስጥ ከሚወረወረው የሱቅ ማስታወቂያ ጎኑ 20 ሴ.ሜ የሆነ አራት ማዕዘን ቁረጡ። ለሁለት እጠፉት፣ እንደገና ለሁለት። አሁን የወረቀቱ መሐል የነበረው ነጥብ አንድ ጥግ ላይ መጥቷል። ከዚያ ጥግ ተነስታችሁ በሰያፍ እጠፉ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ድገሙ። የሹሉ ማዕዘን 22.5 ዲግሪ ነው፤ 360ን ለ16 ማካፈል ነው። ከሹሉ ጫፍ በአንዱ ጠርዝ 9 ሴ.ሜ፣ በሌላው 7 ሴ.ሜ ለኩና ሁለቱን ነጥብ አገናኝታችሁ በአንድ መቀስ ምት ቁረጡ። ስትዘረጉት ስምንት ጫፍ ይወጣል። ወረቀቱ 16 ንብርብር ስለሚሆን ወፍራም ከሆነ መቀሱ እምቢ ይላል፤ የማስታወቂያ ወረቀት የመረጥኩት ለዚህ ነው።

ለግድግዳ የሚሆነው ከሲሪያል ካርቶን ነው። ጎናቸው 20 ሴ.ሜ የሆኑ ሁለት እኩል አራት ማዕዘኖች ቆርጣችሁ፣ አንዱን 45 ዲግሪ አዙራችሁ በላዩ ለጥፉት። ፕሮትራክተር አያስፈልግም፦ በእያንዳንዱ ጎን ከሁለቱም ጥግ 5.9 ሴ.ሜ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ጎኖቹ የሚቋረጡት ምልክቶቹ ላይ ከሆነ ልክ ነው። ካርቶኑን በእናታችሁ የተረፈ ጨርቅ ሸፍኑት። የኛ የመጀመሪያው በአሮጌ ሻሽ ነበር የተሸፈነው፤ እስካሁን አለ።

መብራት ከፈለጋችሁ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፖል ከኋላው አስገቡ። ሻማ በፍጹም! ካርቶንና እሳት አንድ ላይ አይኖሩም። እጣኑም ቢሆን ከጭስ ማንቂያው ራቅ ይበል፤ በዒድ ሌሊት ፎቁን በሙሉ ቀስቅሰን እናውቃለን።

የማጣበቂያውን ነገር ከኔ ስህተት ተማሩ። አንድ ዓመት በተራ ቴፕ ሰቅዬው የማሞቂያው ሙቀት ቴፑን አደረቀውና ከፈጅር በፊት ግማሹ ወለል ላይ ተገኘ፤ የቀረውን ሳነሳ ደግሞ የግድግዳውን ቀለም ላጠው። ከዚያ ወዲህ ሰማያዊውን የቀለም ቀቢዎች ቴፕ ነው የምጠቀመው። ኪራይ ቤት ያላችሁ ሁሉ እሱን ያዙ። በመቀሱ፣ በሙጫውና በቴፑ ሁሉ ከ10 ዶላር በላይ አላወጣሁም።

መቼ ይውረድ ለምትሉኝ፦ ሐረሮች የሸዋልን ስድስት ቀን ጾም ከጨረሱ በኋላ ሹዋሊድ ብለው ያከብራሉ፤ ዩኔስኮም በ2023 በቅርስነት መዝግቦታል። የኛ ቤት ኮከቦችም ስድስቱ ቀን እስኪሞላ መስኮቱ ላይ ይቆያሉ። ከዚያ የወረቀቶቹን እጥፍ መልሰን ፖስታ ውስጥ እናስገባቸዋለን፤ ከሁለት ወር በኋላ ዒድ አል-አድሓ ስለሚመጣ ፖስታውን አናርቀውም። እህቴ አሁን የራሷ ቤት አላት፤ ሻሹን ኮከብ ወስዳዋለች፣ ልጠይቃት ግን አልደፍርም።