የአንድ ዓመት የንግድ አስተዳደር ማስተርስ፤ ጥቅሙና ዋጋው

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ልጁን ወይም ሠራተኛውን ወደ ንግድ ትምህርት ቤት ለመላክ የሚያስብ ነጋዴ አስቀድሞ የትምህርቱን አመጣጥና አሠራር ሊመረምር ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የንግድ አስተዳደር ማስተርስ የሚባለውን ትምህርት በ1908 የጀመረው በአሜሪካ የሚገኘው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በዚያ የሚፈጀው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። በአውሮፓ ግን ይህን ጊዜ ያሳጠረ ሌላ መንገድ ተገኘ። ለዚህ ዋነኛ ምሳሌ የሚሆነው ከፓሪስ በስተ ደቡብ በፎንቴንብሎ ከተማ ያለው ኢንሲያድ የተባለው ትምህርት ቤት ነው። በ1957 ሲቋቋም ዋናው አሳቢ በሃርቫርድ ያስተምሩ የነበሩት የፈረንሳይ ተወላጅ ዦርዥ ዶሪዮ ሲሆኑ፣ የፓሪስ ንግድ ምክር ቤትም ደጋፊ ነበር። በዚያው ዓመት ስድስት የአውሮፓ መንግሥታት በሮማ ከተማ የጋራ ገበያ ለማቋቋም ስለ ተዋዋሉ፣ ከአገሩ ወሰን ተሻግሮ መነገድ የሚያውቅ ሰው አስፈላጊ ሆኖ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በ1959 በፎንቴንብሎ ቤተ መንግሥት ውስጥ ትምህርት ጀመሩ፤ በ1967 ትምህርት ቤቱ የራሱን ሕንፃ አገኘ፤ በ2000 ደግሞ በሲንጋፖር ሁለተኛ ቅርንጫፍ ከፈተ።

ትምህርቱ የሚፈጀው ዐሥር ወር ነው። መምህሩ አንድ ድርጅት የገጠመውን እውነተኛ ችግር በጽሑፍ ያቀርባል፤ ተማሪው ሌሊቱን አንብቦ በማግሥቱ በጓደኞቹ ፊት ሐሳቡን ይከራከርበታል። ከአገሩ ሰው ጋር ብቻ ተቧድኖ እንዳይቀመጥም ትምህርት ቤቱ ራሱ ከልዩ ልዩ አገርና ሙያ የመጡትን በአንድ ቡድን ይመድባቸዋል። መሐንዲሱ ከባንክ ሠራተኛው፣ ሻጩ ከሒሳብ ዐዋቂው ጋር አንድ ሥራ ሠርቶ አንድ ውጤት መካፈል አለበት። ብዙዎቹ በአካባቢው ባሉ መንደሮች ቤት በጋራ ተከራይተው ይኖራሉ። ጊዜው አጭር በመሆኑ ተማሪው ትምህርቱን ገና ሳያጋምስ የሥራ ማመልከቻ መጻፍ ይጀምራል።

ከተመረቁ በኋላ ብዙዎቹ ለድርጅቶች ምክር በሚሰጡ ኩባንያዎች፣ በባንኮችና በትልልቅ የኢንዱስትሪ ድርጅቶች ይቀጠራሉ፤ ወደ ቤተ ሰባቸው ንግድ የሚመለሱም አሉ። ሆኖም የሁለት ዓመት ተማሪ በመካከሉ ባለው ክረምት በአንድ ድርጅት ሠርቶ አዲስ ሙያ ሊሞክር ሲችል፣ የአንድ ዓመት ተማሪ ይህን ዕድል አያገኝም፤ ቢያገኝም አጭር ነው። ስለዚህ አጭሩ ትምህርት የሚጠቅመው ሙያውን ጨርሶ ለሚለውጥ ሰው ሳይሆን የያዘውን ሙያ ለሚያሰፋ ሰው ነው።

ወጪውንም እናስላ። ዋጋው ለትምህርት ቤቱ የሚከፈለው ብቻ አይደለም፤ የሚቀረውም ደመወዝ ወጪ ነው። ለምሳሌ በወር 20,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ ሁለት ዓመት ቢማር 480,000 ብር ይቀርበታል፤ ዐሥር ወር ቢማር ግን 200,000 ብር ብቻ። ልዩነቱ 280,000 ብር ነው። በነጋዴ ቤት በጸሐፊነት የሚሠራ ሰው ግን ሌላም ነገር ያውቃል። ለልጅ ትምህርት የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ለዕቃ መግዣ ከተቀመጠው ዋና ገንዘብ ላይ የሚነሣ ስለ ሆነ፣ ትምህርቱ ፍሬ ሳይሰጥ ቢቀር የሚጎዳው ተማሪው ብቻ ሳይሆን ሱቁም ጭምር ነው።

እንግዲህ ከመላክ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ።

አንደኛ፤ ተማሪው በቂ የሥራ ልምድ አለውን? ኤልሲ ያስከፈተ፣ ዲክላራሲዮን የሞላ፣ ከደንበኛ ጋር ስለ ዱቤ የተከራከረ ሰው በክፍል ውስጥ የሚሰማውን ከሚያውቀው ጋር ያመዛዝናል፤ ይህን ያላየ ግን ቃሉን ብቻ ይዞ ይመለሳል።

ሁለተኛ፤ ይዞት የሚሄደው ጥያቄ ምንድር ነው? ቡናችንን በምን መንገድ በተሻለ ዋጋ እንሽጥ፣ ወይም መጋዘን ውስጥ የሚተኛውን ገንዘብ እንዴት እናንቀሳቅስ የሚል የተወሰነ ጥያቄ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛ፤ ሲመለስ ምን ሥራ ይጠብቀዋል? ሥልጣኑና ደመወዙ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተወሰነ፣ የተማረው ልጅ በአባቱ ሱቅ እንግዳ ይሆናል፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ቀጣሪ ይወስደዋል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዐሥር ወር ለተዘጋጀ ሰው ይበቃል፤ ላልተዘጋጀ ሰው ግን የሁለት ዓመቱም አይበቃውም። ስለዚህ ለሦስቱ ጥያቄዎች መልስ ያላገኘ ነጋዴ ልጁን አንድ ሁለት ዓመት በሒሳብ መዝገቡና በመጋዘኑ አሠርቶ ቢልከው ገንዘቡንም ልጁንም ያተርፋል።