የሚያብጥ እግር ሁሉ ሚች አይደለም

የጎጃምን ደጋ የሚያውቅ ሰው ያበጠ እግርም ያውቃል። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ ከኖረው ገበሬ አንዳንዱን ዝሆኔ ይይዘዋል። የተሰነጠቀው ቆዳም ለባክቴሪያ በር ይከፍታል፤ እግሩ ይግላል፣ ሰውየው ይንቀጠቀጣል። ቤተሰቡ «ሚች ነው» ብሎ ዳማከሴ ያሻል። አብዛኛው በእረፍትና በመድኃኒት በጥቂት ቀን ይበርዳል። ስለዚህም ያንኑ መስሎ የሚመጣውን ገዳይ የሚጠረጥረው የለም።

ይህ ገዳይ ኔክሮታይዚንግ ፋሺያይቲስ ይባላል፤ ስሙን በ1952 እ.ኤ.አ. የሰጠው ዊልሰን የተባለ ሐኪም ነው። ከቆዳ በታች ያለውን ስብና ጡንቻን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ይገድላል፤ በዚያው ሽፋን ላይ ስለሚሮጥ ቆዳው መጀመሪያ ደኅና ይመስላል።

ምልክቶቹን እንያዝ። አንደኛ፣ ስቃዩ ከሚታየው በላይ ነው፤ ቆዳው ገና ቀላ ብሎ ሳለ በሽተኛው ይጮኻል። ሁለተኛ፣ እብጠቱ ከቅላቱ ድንበር ያልፋል፤ ሲዳሰስም እንደ እንጨት ይጠጥራል። ሦስተኛ፣ በሰዓታት ይስፋፋል፤ የቅላቱን ጠርዝ በእስክሪብቶ ከብበን ሰዓቱን ብንጽፍበት ይታወቃል። አራተኛ፣ ዘግይቶ ቆዳው ይጠቁራል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ይደነዝዛል። ያን ጊዜ «ሕመሙ ተወው» ብሎ የሚደሰት ሰው ነርቩ መሞቱን አላወቀም።

ምርመራውስ? ነጭ የደም ሕዋስ፣ ሄሞግሎቢን፣ ሶዲየም፣ ክሬያቲኒን፣ ስኳርና ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ይለካሉ። የሲንጋፖር ሐኪሞች በ2004 እ.ኤ.አ. ለእነዚህ ስድስቱ በድምሩ 13 ነጥብ መደቡ፤ 6ና ከዚያ በላይ ያስጠረጥራል። ነገር ግን ነጥቡ አነሰ ተብሎ በሽተኛ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ በዝቅተኛ ነጥብም በሽታው ተገኝቷልና። ራጅ በሥጋው ውስጥ አየር ካሳየ ይረዳል፤ አለማሳየቱ ግን ነጻ አያወጣም። ቁርጡን የሚናገረው የቀዶ ሐኪሙ ቢላዋ ነው። ሲከፈት ሽፋኑ ግራጫ ሆኖ፣ ደም ሳይወጣው፣ እጣቢ የመሰለ ውኃ ካፈሰሰና በጣት ብቻ ከተላቀቀ ጥርጣሬ አይቀርም። ከዚያው ላይ ናሙና ተወስዶ የባክቴሪያው ዓይነት ይለያል። ያው ቢላዋ መድኃኒቱም ነው፤ የሞተው ሥጋ ካልወጣ በደም ሥር የሚሰጠው ፀረ ባክቴሪያ ብቻውን አያድንም። የላብራቶሪ ውጤት እየተጠበቀ ቀዶ ሕክምናው አይዘገይም።

እንግዲህ ለክረምት ወደ አገራችን ስንገባ ሁለት ነገር እንሥራ። እግርን በሳሙና መታጠብንና ጫማ ማድረግን እናስተምር። ከመልኩ ይልቅ ስቃዩ የበዛ እግር ስናይ ደግሞ «ነገ ይታያል» ሳንል በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል እናድርሰው።