በጎልማሳነት ወደ ኮሌጅ መመለስ፤ የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ለሚያስቡ

በራማት የዲዲምም ሆነ በሌሎች የናታንያ ሰፈሮች የሚኖሩ ወላጆች፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ «እኛስ?» ብለው ይጠይቃሉ። አገር ቤት 12ኛ ክፍል የጨረሰ፣ ኮሌጅ ጀምሮ ያቋረጠ ወይም በመምህርነት ያገለገለ ሰው ዛሬ በፋብሪካ እየሠራ ኮምፒዩተር ሳይንስ መማር ይቻለኝ ይሆን ብሎ ቢያስብ ተገቢ ነው። ይቻላል። መንገዱ የሚጀምረው ግን በወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ ያለ ስሕተት የትምህርት ክፍያ እርዳታን ሊያስቀር ስለሚችል ከዚያ እንነሣለን።

የልደት ቀንዎ በየትኛው አቆጣጠር ተጻፈ?

ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ የሚረዳው መሥሪያ ቤት የተማሪዎች አስተዳደር (ሚንሃል ሃስቱደንቲም) ይባላል። እርዳታው የዕድሜ ገደብ አለው፤ ወደ እስራኤል ከገቡ በኋላ ባሉት የተወሰኑ ዓመታትም መጀመር አለበት። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ብዙ ሰው ያሳስታል። ለምሳሌ መስከረም 20 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በዚህ አገር አቆጣጠር የልደት ቀኑ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1997 ነው። ዓመቱ እንዳለ «1990» ተብሎ ከተመዘገበ ሰውዬው በወረቀት ላይ 7 ዓመት አርጅቷል ማለት ነው። ልደቱ ከጥር ወዲህ ከሆነ ልዩነቱ 8 ዓመት ይሆናል። የ27 ዓመት ወጣት በመታወቂያው የ34 ዓመት ሰው ሆኖ ሊቀርብ ይችላል።

ስለዚህ መታወቂያዎን (ተዑዳት ዜሁት) አውጥተው ዛሬውኑ ይመልከቱ። ስሕተት ካገኙ የአገር ውስጥ ሚኒስቴር (ምስራድ ሃፕኒም) እንዲያርመው ያመልክቱ። የልደት ወይም የክርስትና ሳይሆን የትምህርት ቤትም ቢሆን ቀን ያለበት ማንኛውም የቆየ ማስረጃ ይጠቅማል። እርማቱ ጊዜ ስለሚወስድ የእርዳታ ማመልከቻው ውድቅ እስኪሆን አይጠብቁ።

ሁለተኛው ነገር ስም ነው። በእኛ ልማድ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነው፤ እዚህ ግን የቤተሰብ ስም ይጠየቃል። ብዙ ጊዜ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይመዘገባል፤ በዚህም የባልና የሚስት ስም ሊለያይ ይችላል። በትምህርት ማስረጃዎ ላይ ያለው ስም በመታወቂያው ካለው ጋር ካልገጠመ፣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ቃለ መሐላ በጠበቃ ፊት ያስጽፉ። ማስረጃውን ሲያስተረጉሙም ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው በትርጉሙ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ።

ትምህርቱ ምንድር ነው?

ኮምፒዩተር ሳይንስ የተበላሸ ኮምፒዩተር መጠገን የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። አንድን ሥራ ማሽን ሊፈጽመው በሚችል ትእዛዝ ከፋፍሎ መጻፍ፣ ትእዛዙም ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

ፊደል የቆጠረ ሰው አንዱን መሠረት በቀላሉ ይረዳዋል። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ተሰጠው። ሀ 4608 ነው፣ ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ይሄዳል። እያንዳንዱ ቤት 8 ቦታ ይዟል፤ ሰባቱ ለሰባቱ ድምፆች፣ ስምንተኛው እንደ ሏ ላሉት። ስለዚህ ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632 ይሆናል። አሁን ሎ ስንት እንደሆነ ያስሉ። ሎ ከለ ቀጥሎ ስድስተኛ ነው፤ 4616 ሲደመር 6፣ 4622። ይህን ስሌት «ቤቱን ውሰድ፣ በ8 አባዛ፣ ድምፁን ደምር» ብለው በትእዛዝ ከጻፉት ፕሮግራም መጻፍ ጀምረዋል።

ብዙዎችን የሚጥለው ፕሮግራም መጻፍ ሳይሆን አብሮት የሚመጣው ሒሳብ ነው፤ ኢንፊ የሚሉት የካልኩለስ ትምህርት፣ ሊኒያር አልጀብራና ዲስክሪት ሒሳብ። መጽሐፉም ፈተናውም በዕብራይስጥ ነው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሆነው የፕሲኾሜትሪ ፈተናም በአማርኛ አይሰጥም። ሒሳብዎ ደካማ ከሆነ አንድ ዓመት በመኺና ማጥናት ጊዜ ማባከን አይደለም።

የት መማር ይቻላል?

ቤተሰብ ላለው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚስማማው ራዓናና ያለው ክፍት ዩኒቨርሲቲ (ሃኡኒቨርሲታ ሃፕቱኻ) ነው። በ1974 የተመሠረተ ሲሆን ለመግባት ባግሩትም ፕሲኾሜትሪም አይጠይቅም። ተማሪው ኮርሶችን አንድ በአንድ ይወስዳል፤ ማማን የሚባለውን የቤት ሥራ ያስገባል፤ ፈተናውን ያልፋል። መግቢያው ክፍት ነው ማለት ግን መውጫው ቀላል ነው ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ሴሚስተር ከአንድ ኮርስ በላይ አይውሰዱ፤ ሥራዎንም አይልቀቁ።

አጠር ያለ መንገድ የሚሹ ደግሞ የሀንደሳኢ ዲፕሎማ አለላቸው። ይህ ከዲግሪ የሚያንስ የቴክኒክ ሙያ ሲሆን በናታንያ ኦርት ሄርመሊን ኮሌጅ የሚታወቅበት ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አሸር ኤልያስና ጓደኞቹ ቴክ ካሪየር የተባለ ድርጅት ለኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን አቋቁመው ብዙ ወጣቶችን በሀይቴክ ሥራ አስገብተዋል። ዲግሪ አይሰጥም፤ ወደ ሥራ ግን አድርሷል።

በስልክ እየደወሉ «በጥቂት ወር ፕሮግራመር እናደርግዎታለን» የሚሉ የግል ኮርሶች አሉ። በባንክ በየወሩ የሚቆረጥ ክፍያ (ሆራዓት ኬቫ) ከመፈረምዎ በፊት የሚሰጡት ምስክር ወረቀት በማን የታወቀ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። በስልክ ንግግር የፈረሙት ውል ከሆነ ሕጉ ለአዲስ ገቢ ከመጣ እስከ 5 ዓመት ድረስ የተራዘመ የ4 ወር የመሰረዣ ጊዜ ይሰጣል። ይህን መብት ሻጩ አይነግርዎትም።

ከመመዝገብዎ በፊት መታወቂያ፣ የአዲስ ገቢ ደብተር (ተዑዳት ዖሌ) እና የተተረጎመ የትምህርት ማስረጃ ይዘው የክሊታ አማካሪዎን ያነጋግሩ። ምዝገባ ሲጀምሩም ለአዲስ ገቢ በፈተና ላይ የሚሰጥ ተጨማሪ ሰዓት እንዳለ ይጠይቁ፤ ጥያቄው ፈተናው ከመድረሱ በፊት በጽሑፍ መቅረብ አለበት።