ያለ ማተሚያ መኪና በጀላቲን ሥዕል ማተም

ሥዕል ማተም የሚወድ ተማሪ ብዙውን ጊዜ «ማተሚያ መኪና ከየት ላምጣ?» ሲል ይሰማል። በብረት ላይ ለቀረጸ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በብረቱ ቦይ ውስጥ የተቀመጠው ቀለም ወደ ወረቀቱ የሚወጣው በብርቱ ግፊት ነውና። ጀላቲን ግን ለስላሳ ነው። በጥቂት ግፊት ከወረቀቱ ጋር ስለሚገጥም የመኪናውን ሥራ መዳፍ ይሠራዋል።

ጀላቲንና ኅትመት የቆየ ትውውቅ አላቸው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ሄክቶግራፍ የሚባል ማባዣ ነበር፤ ስሙ «መቶ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። በልዩ ቀለም የተጻፈ ወረቀት በጀላቲን ላይ ሲጫን ቀለሙ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከዚያ እየደበዘዘ ብዙ ቅጂ ይሰጣል። የእኛው ቀለም ግን አይሰርግም፤ ከላይ ይቀመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ኅትመት አንድ ብቻ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው በግሊሰሪን የሚሠራውን ነው። 80 ግራም ጣዕምና ቀለም የሌለው የጀላቲን ዱቄት፣ 400 ሚሊ ሊትር ውሃና ከመድኃኒት ቤት የተገዛ 200 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን ይዘጋጅ። ዱቄቱ በግማሹ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ተነስንሶ ዐሥር ደቂቃ ይረፍ፤ ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል። ቀሪው ውሃ ፈልቶ ይጨመርበትና ዱቄቱ እስኪሟሟ በዝግታ ይማሰል፤ ግሊሰሪኑ ይከተላል። ጓል ቢቀር ዕቃውን በሙቅ ውሃ ውስጥ ማቆም ይበቃል። እሳት ላይ ጥዶ ማንተክተክ ግን የመርጋት ኀይሉን ያደክመዋል። (ጀላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ስለሚወጣ፣ በዚህ የሚጠነቀቅ ሰው ማሸጊያውን ያንብብ።)

ድብልቁ 15 በ20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ትሪ ሲፈስ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያገኛል። አረፋውን በጋዜጣ ቁራጭ ጠርዝ ወደ ዳር ጠርጎ፣ በማያዘነብል ጠረጴዛ ላይ ማሳደር ነው። ያለ ግሊሰሪን የተሠራ በጥቂት ቀን ይሻግታል፤ ይህኛው ለወራት ይቆያል፤ ሲጎዳም ቈራርጦ በሙቅ ውሃ ላይ አቅልጦ እንደ ገና ማፍሰስ ይቻላል። ጥፍርና መቀስ ይራቁት።

አሁን ወደ ማተሙ እንምጣ። ቀለሙ በሮለር እጅግ ስስ ሆኖ ይቀባ፤ አክሪሊክ ከሆነ ቶሎ ስለሚደርቅ መፍጠን ያስፈልጋል። አንድ የጌሾ ቅጠል ጅማቱ ጎልቶ በሚታይበት በጀርባው በኩል በቀለሙ ላይ ይተኛ። ወረቀት ይደረብበትና በመዳፍ ከመካከል ወደ ዳር ይታሽ። ወረቀቱ ሲነሣ ቅጠሉ በነበረበት ቦታ ነጭ ጥላ ብቻ ይታያል።

እኔ ስጀምር ኅትመቱ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ጀላቲኑን በእርጥብ ጨርቅ እጠርግ ነበር። አንድ ወር ሙሉ እንዲሁ ስጠርግ ከርሜ፣ አንድ ቀን ጨርቅ አጥቼ የቀረውን ቀለም በወረቀት ላነሣ ብል የጌሾው ጅማት አንድ በአንድ ተሥሎ ወጣ! ምክንያቱ ቀላል ነው። ከቅጠሉ ሥር ያለው ቀለም በመጀመሪያው ወረቀት አልተነካም፤ ጅማቶቹም ማኅተማቸውን ትተውበታል። ስለዚህ ቅጠሉን በቀስታ አንሥቶ ወዲያው ሁለተኛ ወረቀት መጫን ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዴጋም በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ ከብረት ላይ ነጠላ ኅትመት ሲያወጣ፣ ደብዛዛውን ሁለተኛ ቅጂ ብዙ ጊዜ በፓስቴል እየቀባ ሌላ ሥዕል ያደርገው ነበር።

ፊደል ከወረቀት ቈርጦ ማተም ለሚሻ አንድ ነገር ልጨምር። ኅትመት ግራና ቀኝን ያለዋውጣል። «ሀ» እና «በ» ቢገለበጡም አያሳፍሩም፤ «ሁ» እና «ቡ» ግን የካዕብ ምልክታቸውን በግራ ይዘው ይወጣሉ። የማኅበራችንን ስም ያተምሁበት የመጀመሪያው ወረቀት በመስተዋት ካልሆነ አይነበብም። ፊደሎቹን በፊታቸው ደፍቶ ከቀኝ ወደ ግራ መደርደር ነው።