የእንግሊዝኛ ፈሊጥ አጠቃቀም

የፈሊጥ ትርጉም ከየቃሉ ፍች አይገኝም። እኛ ሌባን «እጀ ረጅም» እንላለን፤ ይህን ቃል በቃል ብንተረጉመው እንግሊዛዊው የክንዱን ርዝመት የነገርነው ይመስለዋል። እርሱ «ስቲኪ ፊንገርስ»፣ ማለት «የሚያጣብቁ ጣቶች» ይላል። «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» ሲባልም ድመትና ውሻ ዘነበ ማለት ሳይሆን፣ ርብንና ጉማራን ሞልቶ የፎገራን ሜዳ እንደሚያጥለቀልቀው ያለ ዶፍ ወረደ ማለት ነው። «ዛሬ ፈተና የለም» ለሚል ጓደኛ «አር ዩ ፑሊንግ ማይ ሌግ?» ብንለው፣ «ትቀልድብኛለህን?» ማለታችን ነው እንጂ እግራችንን አልጎተተም።

በሁለተኛ ደረጃ የምንማረውም የምንፈተነውም በእንግሊዝኛ ነውና፣ አንድ ፈሊጥ ስናገኝ ትርጉሙንና የአማርኛ አቻውን እንጻፍ፤ ቀጥሎም ስለ ወረታ ገበያ ወይም ስለ ሩዝ አጨዳ ዓረፍተ ነገር እንሥራበት። ነገር ግን እንዲህ ያለው ፈሊጥ ለጨዋታ እንጂ ለማመልከቻ አይስማማም።