ከመናገር በፊት መስማማት



እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኢንተርኔት ወደ ቤት የሚገባው በስልክ መስመር፣ በዳያል አፕ ሞደም ነበር። ሞደሙ ከደወለ በኋላ የሚሰማው ፉጨትና ጫጫታ ብልሽት አልነበረም። ሁለቱ ሞደሞች መስመሩን ፈትሸው በምን ፍጥነት እንደሚነጋገሩ የሚስማሙበት ነው። ከዚያ በፊት አንድም መልእክት አያልፍም። መስመሩ ከረበሸ፣ በሰከንድ 56 ኪሎቢት የሚችለው ሞደም ወደ 28.8 ሊወርድ ይችላል። «እኔ ፈጣን ነኝ» ብሎ ቢገፋ መልእክቱ ይበላሻል።

እናት ስትጣራ ስልክ ላይ እንዳፈጠጡ «እሺ» ማለት መስማት አይደለም። ወንድምህ ሳይጨርስ ኮሜንት መጻፍም መልስ አይደለም።

ዛሬ ስልኩን አስቀምጠን አንድ ሰው እስኪጨርስ እናዳምጥ። ቀስ ብሎ ለሚናገር ቀስ እንበል። አላህ ያግራልን።