ጅምር ሥራና የተፈጸመ ሥራ፦ የኮምፒዩተር ጨዋታ ወዳጆች ልምድ ለመምህርነት ሙያ የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

በትምህርት ዓለም ሥራን ስለ መጀመር ብዙ ይባላል፤ ስለ መጨረስ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። በየትምህርት ቤቱ የፔዳጎጂ ማዕከል መደርደሪያ ላይ ግማሹ ብቻ የተቀባ ካርታ፣ ሽቦው ያልተያያዘ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ፣ እስከ «መ» ተጽፎ የቀረ የፊደል ገበታ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ሠሪዎቹ ሰነፎች ስለ ነበሩ ነው? ሁልጊዜ አይደለም። አብዛኞቹ ሥራውን የጀመሩት በፍቅር ነበር። ታዲያ በፍቅር የተጀመረ ሥራ ለምን ይቀራል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ሩቅ ከሚመስል ቦታ ምሳሌ እንወስዳለን። ይኸውም የኮምፒዩተር ጨዋታ ወዳጆች፣ ያለ ደመወዝ፣ በትርፍ ጊዜያቸው፣ የሚወዱትን ጨዋታ መልሰው ወይም አስፋፍተው ለመሥራት የሚያደርጉት ጥረት ነው። ከእነዚህ ሥራዎች አንዳንዶቹ ተፈጽመዋል፤ ብዙዎቹ ተጥለዋል። ከሁለቱም የምንማረው አለ። በጽሑፉ ውስጥ የጨዋታዎቹ ዓመታት የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. የወዳጅ ሥራ ምን ማለት ነው?

አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ውስጡ ግን ብዙ ሙያ አለበት። ሥዕል ያስፈልጋል፤ ሙዚቃ ያስፈልጋል፤ ታሪክ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ እነዚህን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ፣ በአብዛኛው 30 ወይም 60 ጊዜ፣ «ተጫዋቹ የትኛውን ቁልፍ ተጫነ? ገጸ ባሕርይው ግድግዳ ነካ ወይ? ጠላት ቀረበ ወይ?» እያለ ይመረምራል፤ ከዚያም ሥዕሉን አድሶ ያሳያል።

ኩባንያዎች ይህን ሁሉ የሚሠሩት በደመወዝ፣ ሙያተኛ በመከፋፈል ነው። ወዳጅ ግን ብዙውን ጊዜ ብቻውን ወይም ከጥቂት በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኖ፣ ማታ ማታ ከሥራ ወይም ከትምህርት በኋላ ይሠራዋል። የሚሠራበት ታሪክና ገጸ ባሕርይ ደግሞ የራሱ አይደለም፤ የሌላ ኩባንያ ንብረት ነው። የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው።

2. ተፈጽሞ የታገደ ሥራ

ኔንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1991 «ሜትሮይድ 2» የሚባል ጨዋታ አውጥቶ ነበር። የወጣው ለጌም ቦይ፣ በእጅ ለሚያዘው ትንሽ መሣሪያ ነው። የመሣሪያው መስኮት 160 በ144 ነጥብ ብቻ ሲሆን ቀለም አልነበረውም፤ ሥዕሉ የሚታየው በአራት የድምቀት ደረጃ ነበር። ተጫዋቹ ያለበትን የሚያሳይ ካርታም በጨዋታው ውስጥ አልነበረም።

ሚልተን ጓስቲ የተባለ የአርጀንቲና ሰው ይህን ጨዋታ በቀለም፣ በካርታና በአዲስ ሙዚቃ መልሶ ለመሥራት ተነሣ። የተጠቀመበት ጌም ሜከር የሚባለውን የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም ነው። ሥራው ወደ አሥር ዓመት ገደማ ፈጀ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጓስቲ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ጥቂት ጥቂቱን ክፍል ለሙከራ እያወጣ የተጫዋቾችን አስተያየት ይቀበል ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ጨዋታው ነሐሴ 6 ቀን 2016፣ የመጀመሪያው ሜትሮይድ በወጣ በ30ኛ ዓመቱ፣ ተፈጽሞ በነፃ ወጣ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በቀናት ውስጥ ኔንቴንዶ የባለቤትነት መብቴ ተነካ ብሎ በሕግ ጠየቀ፤ ጨዋታው ከተቀመጠባቸው ቦታዎች ተነሣ። ጓስቲም ሥራውን አቆመ። በሚቀጥለው ዓመት በ2017 ኔንቴንዶ ራሱ ያንኑ ጨዋታ መልሶ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ።

እንግዲህ የአሥር ዓመት ድካም ከንቱ ቀረ ማለት ነው? እንዲህ ብሎ መደምደም አይቻልም። ጓስቲ ከዚያ በኋላ ሙያተኛ ሆኖ ተቀጠረ፤ በ2020 በወጣው «ኦሪ ኤንድ ዘ ዊል ኦፍ ዘ ዊስፕስ» በተባለው ጨዋታ ላይ በደረጃ ነዳፊነት ሠርቷል። የታገደው ጨዋታው ነው እንጂ በጨዋታው ሥራ ያገኘው ችሎታ አይደለም። ሆኖም ሌላውን ጎን መርሳት የለብንም፦ ሥራው በሕግ መሬት ላይ ያልቆመ ስለ ነበር የሠራው ሰው በይፋ ሊያቆየው አልቻለም።

3. ሊያልቅ ሲል የቆመ ሥራ

ሁለተኛው ምሳሌ የበለጠ ያሳዝናል። በ1995 የወጣውን «ክሮኖ ትሪገር» የተባለ የጃፓን ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች ተሰባስበው «ክሪምሰን ኤኮስ» የሚል ተከታይ ታሪክ ሲሠሩ ብዙ ዓመታት ቆዩ። የሚያወጡበትን ቀን ወስነው፣ ሠሪዎቹ እንደ ገለጹት ሥራው 98 በመቶ አልቆ ሳለ፣ በግንቦት 2009 የመብቱ ባለቤት ከሆነው ከስኩዌር ኤኒክስ ኩባንያ የማቆሚያ ደብዳቤ ደረሳቸው። ሥራውም በዚያው ቆመ።

እስቲ እናስተውል፦ የቀረው ሁለት በመቶ ብቻ ነበር። ነገር ግን «ይህን ለማውጣት ማን ይፈቅድልናል?» የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረበት እንጂ በመጨረሻው ሳምንት የሚመጣ አልነበረም።

4. ፈቃድ ያገኘ ሥራ

ሦስተኛው ምሳሌ ሌላ መንገድ ያሳየናል። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1998 «ሃፍ ላይፍ» የሚባል ጨዋታ አወጣ። ወዳጆቹ «ብላክ ሜሳ» በሚል ስም መልሰው ሊሠሩት ተነሡ። በጎ ፈቃደኞቹ በ2012 የሠሩትን አብዛኛውን ክፍል በነፃ አወጡ። መጨረሻው ግን ገና አልተሠራም ነበር። ኩባንያውም አልከለከላቸውም፤ እንዲያውም ሸጠው እንዲጠቀሙ ፈቀደላቸው። ሙሉው ሥራ የተፈጸመው በ2020 ነው።

እንደዚሁም ክርስቲያን ዋይትሄድ የተባለ የአውስትራሊያ ሰው በወዳጅነት የጀመረውን ሙያ ለባለቤቱ ኩባንያ ለሴጋ አሳይቶ ሥራ አገኘ። የቀድሞውን «ሶኒክ ሲዲ» ለአዳዲስ መሣሪያዎች አዘጋጅቶ በ2011 አወጣ፤ በ2017 ደግሞ ከሌሎች ጋር «ሶኒክ ማኒያ»ን ሠራ። ያው የወዳጅነት ፍቅር በአንድ በኩል በእገዳ ሲያበቃ በሌላ በኩል እንጀራ ሆነ። ልዩነቱ በትጋት ብቻ የመጣ አይደለም፤ የኩባንያው ፈቃድ ወሳኝ ነበር።

5. ማንም ሳይከለክለው የሚተው ሥራ

እስካሁን ያየናቸው በሰፊው የታወቁት ናቸው። ከተተዉት ሥራዎች ብዙዎቹ ግን ደብዳቤ ደርሷቸው አይደለም የቀሩት፤ በራሳቸው ጊዜ ደክመው ነው። ምክንያቶቹ ለእኛም እንግዳ አይሆኑም።

ሀ. የሥራው መስፋት። አንድ ጨዋታ 200 ክፍሎች አሉት እንበል። አንዱን ክፍል ሠርቶ ለመሞከር 5 ሰዓት ቢፈጅ ጠቅላላው 1000 ሰዓት ይሆናል። ሠሪው በሳምንት 10 ሰዓት ቢያገኝ 100 ሳምንት፣ ማለትም ሁለት ዓመት ያህል ይወስድበታል። በመካከሉ «50 ክፍል ብጨምርበትስ?» ቢል 25 ሳምንት፣ ወደ ስድስት ወር ገደማ ጨመረ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ሁለት ሦስት ጊዜ ከመጣ መጨረሻው ይርቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

ለ. እንደ ገና ከመጀመሪያው መጀመር። ሠሪው እየሠራ ይማራል። በተማረ ቁጥር የቀድሞ ሥራው ያስጠላዋል። አፍርሶ ይጀምራል፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ። ዕውቀቱ ያድጋል፣ ሥራው ግን ባለበት ይረግጣል።

ሐ. የሚያስደስተውን ብቻ ማስቀደም። የጀግናው ሥዕልና የመክፈቻው ሙዚቃ በመጀመሪያው ወር ያልቃሉ። ስሕተት ማረም፣ ጨዋታው ከቆመበት እንዲቀጥል ማድረግ፣ የምርጫ ገጾችን ማዘጋጀት ግን አሰልቺ ስለሆነ ለኋላ ይቀመጣል። ፍቅሩ ሲያልቅ አሰልቺው ሥራ ብቻ ይቀራል።

መ. የረዳቶች መበተን። በጎ ፈቃደኛ ፈተና ይመጣበታል፤ ያገባል፤ ሥራ ይይዛል። ይህ የሚያስወቅስ አይደለም። ጉዳቱ ሥዕሉ ወይም ፕሮግራሙ እሱ ዘንድ ብቻ የነበረ እንደ ሆነ ነው።

ሠ. ማስታወሻ አለመያዝ። ከስድስት ወር በኋላ ሠሪው ራሱ የጻፈውን ፕሮግራም አይገባውም። ሌላ ሰው እንዲቀጥለውማ እንዴት ይሆናል?

6. መኮረጅና መማር

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰልጣኞች «የሌላውን ከመኮረጅ ይልቅ ለምን የራሳቸውን አይፈጥሩም?» ማለታቸው አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን አርአያን ተከትሎ መሥራት የቆየ የትምህርት ዘዴ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ እየሰማና እየቀጸለ መንገዱን ይይዛል፤ ኋላ ግን የራሱን ይቆጥራል። የመምህሩን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ነውር ነው። ስለዚህ መከተል መሰላል ነው፤ ሰው መሰላል ላይ አይኖርም።

ሕጉም መታወቅ አለበት። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ጭምር ጥበቃ ይሰጣል፤ ሥራን የመተርጎምና ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብትም የባለቤቱ ነው። ያለ ክፍያ መሠራቱ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። መምህር የማስተማሪያ መጽሐፍን ሥዕል ወይም ታሪክ ወስዶ መርጃ መሣሪያ ሲያዘጋጅ ምንጩን መግለጽና የሚወስደውን መጠን መገደብ ልማድ ሊያደርገው ይገባል። ተማሪዎቹ የሚማሩት ከሚናገረው ይልቅ ከሚያደርገው ነውና።

7. ለመምህሩ የሚጠቅሙ ነጥቦች

ከላይ ከተባለው በመነሣት ለተማሪ የተግባር ሥራ ስንሰጥ የሚከተሉትን ብናስብ መልካም ነው።

አንደኛ፣ ሥራው ተማሪው ባለው ጊዜ የሚያልቅ ይሁን። ከትልቅ ጅምር ትንሽ ፍጹም ሥራ ይሻላል። የአውራጃ ካርታ ከመጀመር የትምህርት ቤቱን ግቢ ካርታ መጨረስ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይቅረብ፦ ምን እንደሚሠራ፣ የማን ዕቃና ሐሳብ እንደሚጠቀም፣ «አለቀ» የሚባለው ምን ሲሆን እንደሆነ።

ሦስተኛ፣ ሥራው በየምዕራፉ ለሰው ይታይ። ጓስቲ ለሙከራ ያወጣቸው ክፍሎች አስተያየት አስገኝተውለታል።

አራተኛ፣ አዲስ ሐሳብ ሲመጣ በሌላ ወረቀት ይመዝገብ። የመጀመሪያው ሳያልቅ አይጨመር።

አምስተኛ፣ ሥራው መተው ካለበትም በሥርዓት ይተው። እስከ የት እንደ ደረሰ፣ ምን እንደ ቀረ፣ ለምን እንደ ቆመ በአንድ ገጽ ተጽፎ ከሥራው ጋር ይቀመጥ። እንዲህ ከሆነ የሚመጣው ሰልጣኝ ከወደቀበት አንሥቶ ይቀጥለዋል። ማስታወሻ ያለው ጅምር ውርስ ነው፤ ማስታወሻ የሌለው ግን ቦታ የያዘ ዕቃ ነው።

ስድስተኛ፣ ማርክ አሰጣጣችን ፍትሐዊ ይሁን። ያልጨረሰ ሁሉ ምንም አልተማረም ማለት አይቻልም። ሲሠራ ያገኘውን ዕውቀት በቃልም በጽሑፍም እንጠይቀው። የጨረሰውንም ስለ ጨረሰ ብቻ ሳይሆን የማንን ሥራ እንዴት እንደ ተጠቀመ እንመርምር።

ማጠቃለያ

ፍቅር ሥራ ያስጀምራል፤ የሚያስጨርሰው ግን ልክን ማወቅ፣ ፈቃድ መጠየቅና ማስታወሻ መያዝ ነው። የጨዋታ ወዳጆቹ ማታ ማታ የደከሙበት ይህን ግልጽ አድርጎ ያሳየናል። እኛም ነገ ክፍል ስንገባ ልጆች በፍቅር የሚጀምሩትን ሥራ ከዳር የሚያደርሱበትን መንገድ የማሳየት ኃላፊነት አለብን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኩባንያዎቹ ሥራውን ማገዳቸው ተገቢ ነበር ትላላችሁ? ከሠሪውም ከባለቤቱም አንጻር ተወያዩ።
2. በተቋማችን የፔዳጎጂ ማዕከል ካሉት ጅምር መርጃ መሣሪያዎች አንዱን ምረጡ። ከአንቀጽ 5 ምክንያቶች በየትኛው የተተወ ይመስላችኋል?
3. የመረጣችሁትን ለመጨረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? በሳምንት ባላችሁ ትርፍ ጊዜ አስሉና መጨረስ ወይም በማስታወሻ ማስቀመጥ እንደሚሻል ወስኑ።